«ጠብቆ» ላልቶ ሲነበብ

በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች መካከል አንድ ጨዋታ ከተለመደ ሰነበተ። «ይህ ቃል ራሱን ይገልጻል ወይስ አይገልጽም?» ተብሎ ይጠየቃል። «ቃል» ራሱ ቃል ነው፤ ስለዚህ ገለጸ። «አማርኛ» የሚለው ቃል አማርኛ ነው፤ እሱም ገለጸ። «ዐረብኛ» ግን ዐረብኛ አይደለም፤ ያው አማርኛ ነው፤ ስለዚህ ዋሸ። እንዲህ እየተባለ ሻይ እስኪመጣ ይቆያል። ጨዋታው ባልከፋ። ቅር የሚለኝ እስካሁን የሰማኋቸው ምሳሌዎች አብዛኞቹ ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት እየተገለበጡ የመጡ መሆናቸው ነው። ተተርጉመው ሲመጡ ደግሞ ጣዕማቸው እዚያው ቀርቶ ነው። አማርኛ በዚህ ረገድ የራሱ ጉድ አለው፤ ጉዱም ከሻይ ቤት አልፎ ፍርድ ቤት ድረስ የሚያስኬድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ይህንኑ ማሳየት ነው።

አስቀድሞ ስለ ነገሩ ምንጭ ጥቂት እንበል። ጥያቄውን በፍልስፍና ዓለም ያስተዋወቁት ኩርት ግሬሊንግና ሊዮናርድ ኔልሰን የተባሉ ጀርመናውያን ሲሆኑ ጊዜው 1908 እ.ኤ.አ. ነበር። (ግሬሊንግ የአይሁድ ትውልድ ስለ ነበረው በ1942 እ.ኤ.አ. በናዚዎች እጅ አውሽቪትስ ውስጥ ተገደለ። በቃላት ሲጫወት የኖረ ሰው አሟሟት ይህ ነው።) ራሱን የሚገልጸውን ቃል «ሐቀኛ»፣ የማይገልጸውን «ዋሾ» እንበለው፤ ስያሜው የኔ ነው። እንግዲህ «ዋሾ» የሚለው ቃል ራሱ ከየትኛው ይመደባል? ሐቀኛ ነው ካልን ራሱን ይገልጻል ማለታችን ነው፤ ራሱን ከገለጸ ደግሞ ዋሾ ሆነ። ዋሾ ነው ካልን «ዋሾ» ተብሎ በትክክል ተጠርቷልና ራሱን ገለጸ፤ ሐቀኛ ሆነ። መውጫ የለውም። ጳውሎስ ለቲቶ በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 1 ቁጥር 12 ላይ የቀርጤስ ሰዎች ውሸታሞች እንደ ሆኑ የመሰከረው ራሱ የቀርጤስ ሰው መሆኑን ልብ ያለ ሰው ይህ እንቆቅልሽ አዲስ አይሆንበትም።

አሁን ወደ አማርኛው። ከእንግሊዝኛ በተገለበጡት ዝርዝሮች ላይ «አጭር» አጭር ስለ ሆነ ሐቀኛ ነው፣ «ረጅም» ግን አጭር ስለ ሆነ ዋሾ ነው የሚል ይገኛል። እስቲ ይቆጠሩ! «አጭር» ሦስት ፊደል፣ «ረጅም»ም ሦስት ፊደል። እኩል ናቸው። «አጭር» ከማን አጥሮ ነው አጭር የሆነው? የሰዋስው ስያሜዎቹም ብዙ አያራምዱም። «ስም» ስም ነው፤ ሐቀኛ። «ግስ» ግን ግስ ሳይሆን ስም ነው፤ «ቅጽል»ም፣ «መስተዋድድ»ም፣ «መስተጻምር»ም እንዲሁ። «ብዙ ቁጥር» ራሱ ነጠላ ቁጥር ነው። ይህን ያህል ከተባለ ይበቃል።

ከቁጥሮች ውስጥ ግን አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። በፊደላችን ከአንድ እስከ ዐሥር ስንቆጥር የፊደሉ ብዛት ከትርጉሙ ጋር የሚገጥመው አንዱ ብቻ ነው፦ «ሦስት»። ሦ፣ ስ፣ ት። ሌሎቹ ሁሉ ይዋሻሉ፤ ግን ውሸታቸው ወደ እውነቱ ይመራል። የፈለጋችሁትን ቁጥር ጻፉና ፊደሉን ቁጠሩ፤ የተገኘውን ቁጥር ደግሞ በቃል ጽፋችሁ ቁጠሩ። «ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ» ዐሥራ አንድ ፊደል ነው፤ «ዐሥራ አንድ» ስድስት ነው፤ «ስድስት» አራት ነው፤ «አራት» ሦስት ነው፤ «ሦስት» ሦስት ነው፤ እዚያው ይቆማል። ከየትም ቢነሣ ሦስት ላይ ያርፋል። ግዕዙን የሞከረ ግን ዕረፍት አያገኝም። «አርባዕቱ» አራት ማለት ሲሆን አምስት ፊደል አለው። «ኀምስቱ» አምስት ማለት ሲሆን አራት ፊደል አለው። አራቱ ወደ አምስት ይልክሃል፣ አምስቱ ወደ አራት ይመልስሃል፤ «እሱን ጠይቅ»፣ «የለም እሱን ጠይቅ» እንደሚባባሉ ሁለት የቢሮ ጸሐፊዎች። ከአሐዱ እስከ ዐሠርቱ ድረስ ከቶ አንድም ሐቀኛ የለም።

ይህ ሁሉ ግን ለኔ ከፊደሉ ስያሜ አይበልጥም። ሁላችንም በልጅነታችን «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ፣ ሃ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ህ ሳድስ፣ ሆ ሳብዕ» ብለን ጮኸናል። ስያሜዎቹ የሚጠሩትን ድምፅ በውስጣቸው ይዘዋል? ብሎ የመረመረ ሰው ግን አላጋጠመኝም። እስቲ እንመርምር። «ካዕብ» ሁለተኛ ማለት ነው፤ ፊደሎቹ ግን አንድ ራብዕና ሁለት ሳድሶች ናቸው። በውስጡ አንድም ካዕብ የለም። «ሣልስ»ም አንድ ራብዕ፣ ሁለት ሳድስ። «ኃምስ»ም፣ «ሳብዕ»ም ልክ እንደዚያው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ግዕዝ ተራ ቁጥርን ሲያበጅ የመጀመሪያውን ፊደል ራብዕ፣ የቀሩትን ሳድስ የማድረግ ልማድ አለውና ስድስቱም በአንድ ቅርጽ ወጥተዋል። ስለዚህ ከስድስቱ ውስጥ እውነት የሚናገሩት በዕድል ሁለት ብቻ ናቸው፦ «ራብዕ» በመጀመሪያ ፊደሉ፣ «ሳድስ» በመጨረሻ ሁለት ፊደሎቹ። የባሰው ዋሾ «ግዕዝ» ነው። የአንደኛው ቤት ስም ሆኖ ሳለ ግ፣ ዕ፣ ዝ፣ ሦስቱም ሳድስ! የበኵሩ ልጅ ስም በስድስተኛው ልጅ ልብስ ተሸፍኖ ቀረ እንደ ማለት ነው።

በአንጻሩ የሞክሼዎቹ ፊደላት መጠሪያዎች እጅግ ሐቀኞች ናቸው። ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ፣ ዐይኑ ዐ። እያንዳንዱ ስም የሚጠራውን ፊደል በገላው ተሸክሞ ይዞራል። ሕፃኑ ስሙን በትክክል ከጻፈ ፊደሉን ዐወቀ ማለት ነው። ሞክሼዎቹ ይቀነሱ የሚለው ክርክር ከስንት ዘመን ጀምሮ ሲነሣ ሲወድቅ ኖሯል፤ እኔ በክርክሩ ውስጥ ገብቼ ለመፍረድ አልቸኩልም። ነገር ግን ሳይወሰን በልማድ ብቻ «ንጉስ» እየተባለ ሲጻፍ «ንጉሡ ሠ» የሚባል ስም ምን ሊመሰክር ነው? ምስክሩ ምላሱ ተቆርጦ ችሎት ቀረበ። እንደዚሁ «አበገደ» እና «ሀለሐመ» የሚሉት ቃላት የተራቸውን የመጀመሪያ አራት ፊደላት በተራቸው ይዘው ራሳቸውን ይገልጻሉ። በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ለሚገልጥ ሰው መግቢያ ቁልፉ ይኸው አንድ ቃል ነው፤ መጽሐፉ የተደረደረው በአበገደ ነውና።

እስካሁን ያየነው ለዐይን ነው። ለጆሮስ? «ተንተባተበ» የሚለውን ቃል ቀስ ብላችሁ በሉት። ተ ሦስት ጊዜ፣ በ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፤ ቃሉ ራሱ ይንተባተባል። «ሹክሹክታ» ጮኾ ቢነገር እንኳ ሹክ ይላል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን «ደጋገመ» ነው። «ደገመ» ነበር፤ ድርጊቱ ሲበዛ ገ ተደገመና «ደጋገመ» ሆነ። «ሰባበረ»፣ «ቆራረጠ» የሚሉትም በዚሁ ስልት የተሠሩ ናቸው፤ መደጋገምን በስሙ እየጠራ በሥራውም የሚፈጽመው ግን «ደጋገመ» ብቻ ነው። «ዝም»ስ? አማርኛ ዝምታን ከ«አለ» ጋር አጋብቶ «ዝም አለ» ይላል፤ አንድ ነገር እንደ ተናገረ ያህል። ቃሉ ሲነገር ዝምታውን ይሰብራልና ዋሾ ነው። ግን ደግሞ በ«ም» ስለሚያልቅ ከንፈርን ገጥሞ ይተዋል። ዋሽቶ ሲያበቃ አፉን ይዘጋል ማለት ነው። «ዘጋ» ራሱ ግን አፉን ከፍቶ ነው የሚያልቀው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በአማርኛ አንድ ድምፅ ጫን ተብሎ ሲነገር «ጠበቀ»፣ ሳይጫን ሲነገር «ላላ» እንላለን። ሁለቱ ቃላት ራሳቸውስ እንዴት ይነገራሉ? «ገመዱ ጠበቀ» ስንል «በ» ጫን ይላል፤ ሐቀኛ ነው። «ገመዱ ላላ» ስንል ግን ሁለተኛው «ላ» በደንብ ጫን ይላል። እስቲ ሳትጫኑ በሉት፤ አማርኛ አይሆንም። ስለዚህ «ላላ» የጠበቀ ቃል ነው፤ ለይቶለት ዋሾ።

ይህ የመጀመሪያው ነው። የባሰው ከዚህ ይቀጥላል። ጊዜውን ከኀላፊ ወደ ትንቢት እንለውጠው። «ገመዱ ይላላል»፦ አሁን «ላ» በእውነት ላላ፤ ዋሾው ንስሐ ገባ። «ገመዱ ይጠብቃል»፦ አሁን ደግሞ «ብ» ላላች! ሐቀኛው ከዳ። «ብ»ን ጫን ብላችሁ «ይጠብቃል» ያላችሁ እንደ ሆነ ገመድ መሆኑ ቀርቶ ዘበኛ ይሆናል፤ በር ይጠብቃል፣ ሰው ይጠብቃል። እንግዲህ «ይህች ብ ትጠብቃለች» ለማለት የፈለገ መምህር ቃሉን አላልቶ መናገር አለበት። ካጠበቀው ብ ቆማ ሰው ትጠብቃለች ማለቱ ነው። ጠበቀች ለማለት ማላላት ግድ ሆነ። «ጠብቆ ይነበባል» በምንለውም ውስጥ «ጠብቆ» የሚነበበው ላልቶ ነው፤ ጠብቆ የተነበበው «ጠብቆ» ቀጠሮ ሲጠብቅ የዋለ ሰው ነው። ግሬሊንግ ይህን ቢሰማ ኖሮ የራሱን እንቆቅልሽ ትቶ አማርኛ ይማር ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

ይህ የሆነው በዘፈቀደ አይደለም። «ጠበቀ» የሚባሉ ሁለት ግሶች በኀላፊ ጊዜ አንድ መስለው ይታዩና በትንቢት ይለያያሉ። የገመዱ እንደ «ሰበረ» ይረባል፤ «ይሰብራል» ስንል «ብ» አይጫንም። የዘበኛው እንደ «ፈለገ» ይረባል፤ «ይፈልጋል» ስንል «ል» ይጫናል። የግዕዝ መምህራን «ቀተለ» እና «ቀደሰ» ብለው የግስ አርእስትን ሲለዩ ይህንኑ መጥበቅና መላላት መሠረት ያደርጋሉ። ተማሪው ግን ልዩነቱን የሚቀበለው ከመምህሩ አፍ ነው። ብራናው ላይ ቢፈልገው የለም።

የኔ ነቀፌታም ያለው እዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በዓል፣ ላልቶ ሲነበብ ያልደረሰ ጊዜ ነው፤ «ዋና» ጠብቆ አለቃ፣ ላልቶ ውሃ ውስጥ ነው፤ እየተባለ እንደ ተረት ይነገረናል። ተስቆ ይታለፋል። ይህ ግን የሣቅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ በፍርድ ቤት በር ዛፍ ሥር ተቀምጦ የምስክር ቃል ይጽፋል እንበል። ምስክሩ «ጎረቤቴን ሲመታ አየሁት» አለ። «መ»ን አላልቶ ከተናገረ ሌላው ሰው ጎረቤቱን ሲደበድብ አይቷል። «መ»ንና «ታ»ን አጥብቆ ከተናገረ ግን ጎረቤቱ ሲደበደብ አይቷል፤ ማን እንደ መታው አልተናገረም። በአፍ ሲነገር ማንም አይሳሳትም። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው፤ አራት ፊደል እንኳ የማይሞላ ቃል ውስጥ ተከሳሹ ይኖራል ወይም ይጠፋል። ከሳምንታት በኋላ ወረቀቱን ብቻ የሚያነብ ሰው በየትኛው ያንብበው?

ይህን ጉድለት አይቶ ዝም ያላለ ደራሲ አለን። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ አኑረዋል። ልብ ወለዱን ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ስንል ሁላችንም አንብበነዋል፤ በሬዲዮ የሰማነውም ብዙ ነን። ስለ ነጥቡ ግን ሲወራ አልሰማሁም። በኔ አስተያየት ግን ነጥቡ የድርሰቱ አካል ነው። ደራሲው ቃሉ በሳቸው አፍ እንደሚነገረው ሆኖ አንባቢው ጆሮ እንዲደርስ ፈልገዋል፤ ገጸ ባሕርይ ሲናገር በገጠር ሰው ቃና እንዲሰማ የደከመ ሰው ይህንንም ቢፈልግ አይፈረድበትም። ከሳቸው በኋላ ግን ልማዱ አልያዘም። ለምን? አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው ከዐረፍተ ነገሩ አካሄድ ተነሥቶ አብዛኛውን በራሱ ያውቀዋል፤ በየገጹ መቶ ነጥብ ሲደረደርለት ዐይኑን ይወጋዋል። ጻፊውም ይሰለቻል። መሣሪያ የለም የሚለው ሰበብ ግን ዛሬ አይሠራም፤ በኮምፒዩተር የፊደል ዝርዝር ውስጥ እንኳ ለማጥበቂያ ምልክት ራሱን የቻለ ስፍራ ተሰጥቶታል።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ይህኛው ከበድ ይላል። ቅኔና ኅብር የሚኖሩት በዚሁ ድብቅነት ነው። «ሐይቅ ዳር ለተወለደ ሰው ዋናው ዋና ነው» ብዬ ብጽፍ ዐይን አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ተጽፎ ያያል፤ ጆሮ ግን ሁለት ቃል ይሰማል። ነጥብ ባኖርበት ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ተጨረሰ። ሰሙና ወርቁ እንዳይለያዩ አድርጎ የሸፈናቸው አንዱ ነገር የፊደላችን ዝምታ ነው። ስለዚህ ነጥቡን በግጥም ላይ የሚጭን ሰው ወርቁን አውጥቶ ሰሙን ይጥላል። በዚህ ለግጥም ሰዎች እስማማላቸዋለሁ። ነገር ግን የግጥም መብት ለምስክር ቃል አይተላለፍም! የሐኪም ማዘዣ፣ ውል፣ ኑዛዜ፣ የሕፃናት ማንበቢያ፣ መዝገበ ቃላት በኅብር መጻፍ የለባቸውም። በበኩሌ የምለው ሁሉም ፊደል ራስ ላይ ነጥብ ይደፋ አይደለም። «ሲመታ» ዐይነቱ ቃል በመጣ ጊዜ፣ ሁለት ሰው ሁለት መንገድ ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ብቻ ይደረግ። ሐዲስ ዓለማየሁ የዘሩትን ሁሉ ማጨድ ባንችል ቃርሚያውን አንተው።

ጉዳዩ በተለይ ለኛ ለወሎዎች እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። እኔ የኩታበር ልጅ ነኝ። ከኩታበር እስከ መካነ ሰላም ባለው ደጋ የቄስ ትምህርት ቤትና የቁርአን ትምህርት ቤት ኩታ ገጠም ናቸው፤ የአንዱ ተማሪ ጩኸት ለሌላው ይሰማል። ቁርአን የሚቀራው ልጅ ሰሌዳው ላይ ሸዳ የምትባል ትንሽ ምልክት ያገኛል። ዐረብኛ የሚጠብቀውን ፊደል የሚያሳየው በሷ ነው። ሸዳ በዐረብኛ ስትጠራ «ዳ»ዋ ጫን ይላል፤ ስሟ ሲጻፍም ራሷ ራሷ ላይ ትቀመጣለች፤ ቅርጿም ከስሟ የመጀመሪያ ፊደል ከ«ሺን» ራስ የተወሰደ ነው ይባላል። ሐቀኛ ቃል ፈልጋችሁ ከሆነ ከዚህች የበለጠ አላውቅም፤ በድምፅም በጽሑፍም በቅርጽም ራሷን ትገልጻለች። እኔ አሁን «ሸዳ» ብዬ በኛ ፊደል ስጽፋት ግን ምልክቷን ተገፍፋ መጣች። የወሎ ዑለማ፣ እንደ ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር ያሉት፣ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀሚ፣ መንዙማ አድርገው ጽፈዋል። አማርኛችን ማጥበቂያ ምልክት ባለው ፊደል ከተጻፈ እንግዲህ ሰንብቷል ማለት ነው። የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ስንማር ይህ በአንድ መስመር እንኳ የማይነሣው ለምንድር ነው? ዐጀሚውን ከፊደሉ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ «የትኛው ጆሮን ይበልጥ ይታመናል?» ብሎ የሚጠይቅ የመመረቂያ ጽሑፍ ከመካከላችን አንዱ ቢጽፍ ደስታውን አልችለውም።

ነጥቡም ሆነ ሸዳ የማያድኑት ነገር ደግሞ አለ፤ ምሳሌውም ከዚያው ከኛው አገር ነው። እናት «ልጄ ዛሬ ይቀራል» ብትል ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል ማለቷ ነው? ወይስ ቁርአን ይቀራል? አንዱ የ«ቀረ»፣ አንዱ የ«ቀራ» ነው፤ ሁለቱም ላልተው ይነገራሉ፣ ሁለቱም አንድ ዐይነት ይጻፋሉ። በዐጀሚ ቢጻፍም ያው ነው። እዚህ ላይ ጆሮም እንደ ዐይን ይታለላል፤ ልጁ የት እንዳለ ለማወቅ ሄዶ ማየት ነው እንጂ።